ከድልድዩ ሥር ጫማዬን ያወለቀልኝ

እንዲህ ያለ ወሬ ከሚያምኑት ወገን አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው የሞተ ዘመዴን መንገድ ላይ አየሁ ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው ጠጥቶ እንደነበር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ስለ መናፍስት ሲወራ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ስልኬን እነካካለሁ፣ እመኑኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በናቹራል ነው፣ ነጥብ ባይመጣልኝም። ስለዚህ የምነግራችሁን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ አንዳንድ ቦታ ልቆም እችላለሁ፣ ታገሡኝ።

ከወንድሜ ልጀምር።

እስራኤል በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ሶዶ ውስጥ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴንም እኔንም ያኖረን በዚሁ ሥራ ነው፣ የጣቶቹ ጫፍ በሲሚንቶ ተሰነጣጥቆ ሲነካችሁ ይሻክራል። ሐዋሳ አንድ ሆቴል እየተሠራ ነው፣ ሦስት ወር የሚያቆይ ሥራ አለ ብለውት ሊሄድ ነበር። ከመሄዱ በፊት የነበረው ቀን ምንም ልዩ ነገር አልነበረውም፣ አሁን ሳስበው የሚያናድደኝም ይኸው ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ወርደን ጎደሬ ቆፈርን፣ እናቴ ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልን፣ ዳጣው ከመጠን በላይ ያቃጥል ስለነበር እስራኤል አፉን በእጁ እያራገበ «እማዬ፣ ይሄንን ይዤ ብሄድ ሆቴሉ ሳያልቅ ይቃጠላል» አላት፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና መጣ፣ ልብስ ከገመድ አወረድን፣ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጣ። ይኸው ነው። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ለምወስደው ፈተና ሳጠና ምንጣፉ ላይ ከነጫማዬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ነግቷል፣ እስራኤል ሄዷል። እናቴ ለንጋት ጸሎት ወጥታ ስለነበር ሲሄድ ያየው ሰው የለም፣ ምን ለብሶ፣ ምን ተጫምቶ እንደወጣ የምናውቅ የለንም። የእኔ ጫማ ግን ወልቆ ነበር። የእሱ አመል ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከነጫማዬ ስተኛ ያወልቅልኛል፣ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና ሁለቱንም ካልሲ ግራው ጫማ ውስጥ ይከታል፣ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «አንዱ እንዳይጠፋ ነዋ፣ ኢሻ» ይለኝ ነበር። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። ቢንያም ብሎ የሚጠራኝ ሲቆጣኝ ብቻ ነው።

ስደርስ እደውላለሁ ብሎ ነበር። አልደወለም። ስልኩ ዝግ ነው። ሥራውን የነገረው ሰው ስልክ ቁጥር በእሱ ስልክ ውስጥ እንጂ በእኛ ዘንድ የለም።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥፋት ልንገራችሁ፣ ይህን ሳልናገር ወደፊት መሄድ አልችልም። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሪ አያስፈልግም፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ እናት ብቻዋን አታድርም። የጠፋ ሰው ግን ድንኳን የለውም። እናቱን ሄዶ ማጽናናት ልጅሽ ሞቷል ማለት ስለሚሆን ሰው ይፈራል፣ በር ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «እስካሁን አልደወለም?» ይልና ይሄዳል። እናቴ በዘጠነኛው ቀን መብላት አቆመች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ተቀብያት «እማዬ፣ እስራኤል ደወለ» አልኳት። ስልኩ ተሰርቆ ነው፣ በሰው ስልክ ነው የደወለው፣ ደኅና ነኝ ብሏል። እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ አለቀሰች፣ ከዚያ በላች፣ ጎረቤት ሁሉ ተመስገን አለ። በሚቀጥለው እሑድም ደወለ አልኳት። በሦስተኛውም። እየሰማችኝ ስትበላ ሳይ ማቆም አቃተኝ። በእኔ ውሸት ምክንያት ማንም እስራኤልን አልፈለገውም። ፖሊስ ጋ የሄደ የለም፣ የሚደውል ሰው ይፈለጋል እንዴ?

ያ ሰውዬ የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ያየሁት በቴሌግራም ነው። ከዲምቱ ወጣ ብሎ ባለ ጥርጊያ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ትንሽ ድልድይ ሥር፣ ማንነቱ ያልታወቀ ወንድ አስከሬን ተገኘ፣ ውኃ ውስጥ ስለቆየ ፊቱ አይለይም፣ ቀበሌው ቀብሮታል፣ የሚያውቀው ካለ ይምጣ ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፣ አስከሬኑ ሳይሆን ዕቃው፣ ጥቁር ጃኬት፣ ቀበቶ፣ እና ወንዙ ዳር እንደተገኘ የተነሳ አንድ ጥንድ ጫማ። መታወቂያ የለም፣ ስልክ የለም። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሙሉ ግሩፕ ተከፈተ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሌሊትና ቀን ይከራከራሉ፣ ተገድሎ ነው፣ ሰክሮ ነው፣ ራሱን ነው፣ አንዱ ካርታ ይስላል፣ አንዱ ጫማው ስንት ቁጥር እንደሆነ በፎቶው ይለካል። እኛም ሦስት ሆነን ገባንበት።

አንዱ ከድር ነው፣ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ ዘይትና ሳሙና በጅምላ የሚሸጡ፣ እሱም ሱቁ ውስጥ የሚሠራ፣ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ። ሌላው ቲቸር ማርቆስ ነው፣ ኬሚስትሪ ያስተማረን፣ ከሱቁ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው። ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያ በር ላይ ነበር።

«ጫማውን ያወለቀው ለውዱእ ነው» አለ ከድር በመጀመሪያው ቀን። «እግሩን ሊታጠብ ወረደ፣ ተንሸራተተ። ሰውየው የእኛ ሰው ነው፣ ወላሂ።»

«ሊሻገር ነው እንጂ» አለ ቲቸር። «ጫማው እንዳይረጥብ አውልቆ ገባ፣ ደራሽ ውኃ መጣ። አለቀ።»

«ድልድይ እያለ? ቲቸር፣ ድልድይ አጠገብ ቆሞ በውኃ ውስጥ የሚሻገር ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አንተ ደግሞ፣ ጫማውን ይዞት ይሻገር ነበራ ብለህ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር። መጠየቅም አትችል።»

«ይኸው ጠየቅኩህ፤ ለምን አልያዘውም?»

እኔ መሃል ገባሁ። «ሹፌር ነው» አልኩ። «ከሩቅ የመጣ፣ ከሞያሌ መስመር። የዚህ አገር ሰው አይደለም። የዚህ አገር ሰው ቢሆን እስካሁን ቤተሰቡ ይመጣ ነበር።»

«ኢንስፔክተር ቢኒ ተናገረ!» ከድር አጨበጨበ። «እሺ ኢንስፔክተር፣ ይሄንንስ ምን ትለዋለህ?» ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። «ካልሲዎቹን እይ። ሁለቱም ግራው ጫማ ውስጥ ናቸው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አይቼው ነበር። አይቼው ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ፖሊሶቹ ናቸው የከተቱት» አልኩት ከድርን። «ፎቶ ሲያነሱ።»

«እንደተገኘ ነው የተነሳው ይላል እኮ።»

«ይላል! የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው?»

ከእነሱ ሁሉ በላይ የምከራከረው እኔ ነበርኩ፣ ቲቸር ይህን ልጅ ሕግ ባስተማሩት እስኪል ድረስ፣ ግሩፑ ውስጥም ረጅም ረጅም ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ድልድዩ ከሐዋሳው መንገድ ላይ አይደለም እያልኩ፣ ሐዋሳን ማንም ሳያነሳ እኔ አነሳለሁ። ገባችሁ አይደል? ያንን ሰውዬ ሌላ ሰው ማድረግ ነበረብኝ። ከየትም ይሁን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ብቻ ሌላ ሰው ይሁን።

አራት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ የከድር አባት አይሱዙ ዘይት ጭኖ ዲምቱ ሊሄድ ሆነ። ከድር «ለምን ቦታውን አናየውም?» አለ፣ ቲቸር ከቤቱ ሜትር ይዞ መጣ፣ እኔ አልሄድም ማለት አልቻልኩም፣ ኢንስፔክተሩ እኔ ነኛ። ዲምቱ ላይ ዕቃው ሲራገፍ ባጃጅ ይዘን ወደ ድልድዩ ሄድን።

እንዲህ ያለ ነገር ሌሊት ነው የሚሆነው ይባላል። የእኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ያ ቆላ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ፍየሎች ግራር ሥር ተኝተዋል፣ የአንዷ አንገት ላይ ቃጭል አለ፣ ሩቅ ቦታ ሰው እንጨት ይፈልጣል። ድልድዩ ድልድይ እንኳ አይባልም፣ ሁለት ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚያዳርሰው ዓይነት ነው። ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ስለነበር ከሥሩ ውኃ የለም፣ ነጭ አሸዋ ብቻ።

የባጃጁ ሹፌር ቦታውን ያውቀው ነበር፣ ጫማው እዚህ፣ ሰውየው እዚያ፣ በደረቱ ተደፍቶ፣ ብሎ አሳየንና ጥላ ሥር ገብቶ ተኛ። ቲቸር ጫማው የነበረበት ላይ ድንጋይ አስቀመጠ። ከዚያ እስከ ሰውየው አሥራ አምስት እርምጃ ወጣ።

«አንድ ሰው መተኛት አለበት» አለ ቲቸር። «ራሱ ወዴት እንደሆነ ካላየን ውኃው ከየት እንደገፋው አናውቅም።»

«እኔን አትዩኝ» አለ ከድር። «አባቴ ቢሰማ እዚሁ ነው የሚቀብረኝ። እኔ ከላይ ቪዲዮ ልቅረጽ።»

«ቢንያም፣ አንተ ተኛ» አለ ቲቸር። «ቁመትህም ይሆናል።»

ተኛሁ። ለምን እንደተኛሁ አትጠይቁኝ። አሸዋው ይሞቃል፣ ጉንጬን አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ከድር ከድልድዩ ላይ «ኢንስፔክተር፣ ትንሽ ሙት እንጂ፣ እግርህ ይንቀሳቀሳል» ሲል ሰማሁት፣ ቲቸር ከራስጌዬ በኩል ሜትሩን እየሳበ ቁጥር ይጠራል፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ። የፍየሏ ቃጭል ይሰማኛል። እንጨት የሚፈልጠውም ይሰማኛል።

ከዚያ ቃጭሉ ተወ።

ምንም አልመሰለኝም፣ ፍየል ነች። ቀጥሎ ግን የእንጨቱም ድምፅ ተወ፣ የቲቸርም ቁጥር እየራቀ ሄደ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ሰው በር ዘግቶ ከወዲያ ሲያወራ እንደሚሰማው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ውኃ ሰማሁ። ብዙ አይደለም፣ በጠጠር ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውኃ፣ በጆሮዬ ሥር። አሸዋው ደረቅ ነበር፣ እጄ ውስጥ ይዤዋለሁ፣ ደረቅ ነው።

በዚህ መሃል የግራ ጫማዬ ክር ተሳበ።

ከድር መሰለኝ። በፀጥታ ወርዶ ሊያስደነግጠኝ ነው አልኩ፣ ሳቅ እንኳ መጣብኝ፣ «ከድር፣ ተው» አልኩት ዓይኔን ሳልገልጥ። መልስ የለም። ክሩ ተፈታ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ላላ፣ ተረከዜን አንድ እጅ ያዘው፣ ጫማው ወጣ። ቀጥሎ ቀኙ። ካልሲውን ከላይ አልገፈፈውም፣ ከአውራ ጣቴ ጫፍ ይዞ ነው የሳበው፣ ሲስበውም ጣቴን ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋት፣ ከዚያም ውስጥ እግሬን በመዳፉ ጠረገልኝ፣ አንድ ጊዜ፣ አቧራ እንደሚጠረግ።

መዳፉ ይሻክር ነበር።

ከድር ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። እጁ እንደ ሴት እጅ ለስላሳ ነው፣ ሁልጊዜ እንቀልድበታለን።

አልጮህኩም። ይህን ነው ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ፣ አልፈራሁም፣ ዓይኔን ግን መግለጥ አልቻልኩም፣ ብገልጥ የሚሄድ መሰለኝ፣ ልክ እንደልጅነቴ፣ ተኝቼ ሳልተኛ፣ ጫማዬን ሲያወልቅልኝ ነቅተሃል እንዳይለኝ ትንፋሼን እንደተኛ ሰው እንደማሳምር። ትንፋሼን አሳመርኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«ቢኒ!» የከድር ድምፅ ነው። ከላይ። ከድልድዩ ላይ። «ቢኒ፣ ጫማህን ለምን አወለቅህ?»

ቃጭሉ ተመለሰ፣ ፈላጩም ተመለሰ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። በባዶ እግሬ ነኝ። ቲቸር ሜትሩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ እግሬን ያያል፣ ከድር ከላይ ስልኩን እንደዘረጋ ቆሟል። ጫማዬ አጠገቤ የለም። አሥራ አምስት እርምጃ ወዲያ፣ ቲቸር ካስቀመጣት ድንጋይ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ቆሟል።

እየሮጥኩ ሄጄ አየሁ። ካልሲዎቼ ሁለቱም ግራው ውስጥ ነበሩ።

አሸዋው ላይ የሌላ ሰው ዱካ አልነበረም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እኛው ሦስታችን ስንረግጠው ስለቆየን ምንም አይለይም። ቪዲዮውም አለ፣ ከድር አሁንም አላጠፋውም። እኔ ተኝቼ ይታያል፣ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው፣ ከዚያ ከብት የጫነ መኪና በድልድዩ ያልፋል፣ ከድር ይሸሻል፣ አቧራ ነው፣ አቧራ ብቻ፣ አቧራው ገለል ሲል በባዶ እግሬ ነኝ። ስንት ጊዜ እንዳየነው ልነግራችሁ አልችልም። አቧራው ውስጥ ምንም የለም።

«አንተ ራስህ ነህ» አለ ቲቸር፣ ግን ድምፁ ልክ አልነበረም። «ፀሐይ ነው። ሰው ፀሐይ ሲመታው የሚያደርገውን አያውቅም። ተነሥተህ አውልቀህ፣ አስቀምጠህ፣ ተመልሰህ ተኛህ።»

«ቲቸር፣ አንተ ከራስጌው አልነበርክም?» አለ ከድር።

«ሜትሩን ነበር የማየው።»

«ሲነሣ አላየኸውም?»

«ሜትሩን ነበር የማየው አልኩህ እኮ!»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። እስራኤል አልደወለም አልኳቸው። አንድም ቀን አልደወለም። ዋሽቼ ነው። ስለ ካልሲውም ነገርኳቸው።

ከድር መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ፣ አልሳቀም። «አራት ሳምንት» አለ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ከእኛ ጋር ስትከራከር… እኔ እኮ ስቀልድ ነበር ቢኒ። በሰውየው ስቀልድ ነበር። ለምን ዝም አልከኝ?» ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አነሳና ሊያጫማኝ ሞከረ፣ እግሬን ሰበሰብኩ። እስከ ሶዶ ድረስ በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ባዶ እግሬን፣ ጫማዬን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ቲቸር መንገዱን ሁሉ ወደ ውጭ ያያል። ሹፌሩ «ምነው፣ ተጣላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ተወን።

ማታ እናቴን ማየት አልቻልኩም፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ስለዚያ ሌሊት የምነግራችሁ የለኝም፣ ምንም አልመጣም፣ ብዙ ጠብቄ ነበር።

ሲነጋ እናቴ ከጸሎት ተመልሳ እሳት ስታያይዝ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ፣ እስራኤል አልደወለም።»

«ዛሬ አርብ ነው እኮ» አለች። «እሑድ አይደል የሚደውለው?»

«ደውሎ አያውቅም። ዋሽቼሽ ነው።»

እንጨቱን እንደያዘች ቀረች። አልጮኸችም። ቀስ እያለች፣ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ እንደዚያ ከምትጠይቀኝ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጉልበቷ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀ ያልከኝስ?»

«ዋሽቼ ነው።»

«የሚያድርበት ቤት ባለቤቶች ጥሩ ሰዎች ናቸው ያልከኝስ?»

«እሱንም።»

«ለገና እመጣለሁ ብሏል ያልከኝስ? ለጎረቤት ሁሉ እኮ ነገርኩ።»

«እሱንም እማዬ።»

እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ከተተችው። ስለ ድልድዩ ነገርኳት፣ ስለ ፎቶውም፣ ጫማዬን ስላወለቀልኝም፣ ሁሉንም፣ ዳግመኛ አልዋሽሽም ብዬ ማልኩላት። ሰምታ ስትጨርስ እሳቱ ላይ ውኃ ደፋችበት፣ ነጠላዋን አንስታ «ተነሥ» አለችኝ። ዲምቱ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ አስቀምጫት ብቻዬን ገባሁ፣ ዕቃውን መጀመሪያ እኔ ልየው ብዬ። የተቀበለችኝ አንዲት ሴት ፖሊስ ናት፣ ትሑት፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ጃኬቱን አሳየችኝ፣ አላውቀውም፣ እስራኤል እንደዚያ ያለ ጃኬት ሲለብስ አይቼ አላውቅም፣ ግን ሊገዛ ይችላል። ጫማውን አሳየችኝ።

«የወንድምህ ነው?»

ገልብጬ አየሁት። አርባ ሁለት ቁጥር ይላል። የወንድሜን የእግር ቁጥር አላውቅም ነበር፣ እመኑኝ፣ አላውቅም፣ እሱ የእኔን ስንት ጊዜ እንዳወለቀ እንጃ፣ እኔ የእሱን አንድም ቀን አውልቄ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት። «ግን እሱ ነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

ምን ልበላት?

አየችኝና ከመሳቢያዋ መዝገብ አወጣች። «ለምርመራ የሚሆነው ተልኳል፣ መልስ ሲመጣ እንደውላለን» አለች። «እስከዚያ ስም እንመዘግባለን። አንተ ሦስተኛ ነህ።»

«ሦስተኛ ምን?»

«የእኛ ነው ብሎ የመጣ። ባለፈው ሳምንት ከገሱባ አንዲት እናት መጥታ ነበር፣ ልጇ ከጠፋ ስድስት ወሩ። ዕቃውን አሳየናት፣ የልጄ አይደለም አለች። ከዚያ ቦታውን ልይ ብላ ወደ ድልድዩ ሄደች፣ ትንሽ ቁጭ ብላ ተመለሰች፣ ስትመለስ ልጄ ነው አለች። እንዴት አወቅሽ እናቴ ብላት መልስ የለም፣ እንደ አንተ ዝም። ፀጉሯን ብቻ ትነካካለች፣ አንድ ሰው የዳሰሰው ይመስል። ከእሷ በፊት ደግሞ አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር፣ እኅታችንን ፍለጋ የወጣ ወንድሜ ነው ብሎ፣ እሱም እንዲሁ ሄዶ አይቶ መጣ።» መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። «የተቀበረው አንድ ሰው ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ሁለት ስሞች ተጽፈዋል፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፣ ከእነሱ በታች ባለው መስመር የወንድሜን ስም ከነአባታችን፣ ከነአያታችን ጻፍኩ፣ ሳላስተውል የአያታችንን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አመስግኛት ወጣሁ።

እናቴ ስታየኝ ተነሣች።

«እሱ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

ነጠላዋን አጣፋች፣ ከግቢው በር ውጭ ያለውን መንገድ ወዲያና ወዲህ አየችው። «ድልድዩ በየት በኩል ነው?» አለች።

እኔም እጄን አንስቼ አሳየኋት።